የጥምቀት ጠዋት፣ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ

በሉ ስሙኝ። አገሩ አሜሪካ፣ ኒው ጀርዚ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1971። ቤል ላብስ በሚባል የምርምር ተቋም ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዩኒክስ የተባለ የኮምፒውተር ሥርዓት እየሠሩ ነበር። ዩኒክስን ባታውቁት እንኳ ጠባዩን የወረሰው ሥርዓት በኪሳችሁ ስልክ ውስጥ አለ።

ማሽኑ ቀን እንዲያውቅ ፈለጉ። ማሽን ግን ሰኞ አያውቅም፣ መስከረም አያውቅም፤ የሚችለው መቁጠር ብቻ ነው። እንግዲያው ከአንዲት ቅጽበት ጀምሮ ይቁጠር ተባለ። ምን ይቁጠር? የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳልና እሱኑ ይቁጠር፤ መነሻውም የ1971 የመጀመሪያ ቀን ይሁን አሉ።

ችግሩ ቁጥሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሚሞሪ በዚያን ጊዜ ውድ ነው፤ የተመደበለት 32 ቢት ብቻ ነበር። በሰከንድ 60 እየተቆጠረ ያ ቦታ በ829 ቀን ግድም ጢም ይላል። ሰዎቹ ይህን አላጡትም፤ በዚያው ዓመት ያወጡት መመሪያ ራሱ ልብ ላለው አንባቢ ነገሩን ጠቆም አድርጎ አልፏል። እያወቁ ነው የገቡበት! ኋላ ላይ ቆጠራውን በሰከንድ አደረጉት፤ መነሻውንም ወደ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ የግሪንዊች እኩለ ሌሊት መለሱት። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ የገና በዓል ሊደርስ 6 ቀን ሲቀረው።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ቆጠራው አልቆመም። ወርና ዓመት የሚበጀው በመጨረሻ፣ ሰው ሊያየው ሲል ነው። ለእኛ ይህ መልካም ነገር ነው፤ ቁጥሩ ወር የለውማ፤ ከአንዱ ቁጥር ሴፕቴምበርም ጳጉሜንም ይወጣል። መከራ የሚመጣው የእኛን ቀን እንዳለ ዳታቤዝ ውስጥ ለመክተት ሲሞከር ነው። 13ኛ ወር ያየ የቀን ዓምድ አልቀበልም ይላል፤ ፕሮግራመሩም ተናዶ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ያን ጊዜ በሁለት ቀን መካከል ስንት ቀን እንዳለ የሚያሰላ የለም።

ወደ ወጋችን። ዩኒክስ ቀን ሁሉ 86,400 ሰከንድ ነው ብሎ ያምናል። ምድር ግን እንዲህ እኩል አትዞርም፤ ስለዚህ ሰዓት ጠባቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ 27 ጊዜ አንዳንድ ሰከንድ ጨምረዋል። 27ኛዋ የገባችው በ2016 መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። ለተጨማሪዋ ሰከንድ በቆጠራው ውስጥ ቦታ ስለሌላት የብዙ ኮምፒውተሮች ሰዓት አንዲት ሰከንድ ወደኋላ ተመለሰ።

የድረ ገጾችን አድራሻ በሚያስተናግደው ክላውድፍሌር በሚባል ድርጅት ደግሞ ጥያቄ ልኮ መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ፕሮግራም ነበር። ሲላክ ሰዓት ያያል፣ መልሱ ሲደርስ ሰዓት ያያል፣ ይቀንሳል። በዚያች ቅጽበት መልሱ ጥያቄው ሳይላክ የደረሰ ሆነና ውጤቱ ከዜሮ በታች ወረደ። ያን ቁጥር የተቀበለው ክፍል አሉታዊ ቁጥር አያስተናግድም፤ ፕሮግራሙ ወደቀ። በዚህም አንዳንድ ድረ ገጾች የሚገኙበት አድራሻ ጠፋ። ጥገናው? ኮዱ ላይ አንዲት ምልክት መጨመር።

ያ ፕሮግራም የጠየቀው የማይሆን ሰዓት ነበር። ቀኑን የሚናገር ሰዓት ይስተካከላል፣ ወደፊት ይገፋል፣ ወደኋላ ይመለሳል። የፈጀውን ጊዜ ለመለካት ግን ኮምፒውተሮች ወደፊት ብቻ የሚሄድ ሌላ ሰዓት አላቸው። ሁለቱን የሚያምታታ ፕሮግራመር ዛሬም ሞልቷል።

አሁን የጥምቀቱ ነገር። ከ32ቱ ቢት አንዱ ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ስለተያዘ ቆጠራው ከ2,147,483,647 አያልፍም። ይህ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው። አስሉት፤ ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጃን ሜዳ ሕዝቡ በባሕረ ጥምቀቱ ዙሪያ ተሰብስቦ ሳለ፣ በ8ኛዋ ሰከንድ ያልታደሰው ማሽን ቁጥሩ ይገለበጥና ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. ነው ይላል። ዐፄ ምኒልክ በዙፋናቸው ላይ፣ ባቡሩም ገና ድሬዳዋ አልደረሰ!

መድኃኒቱ ታውቋል፦ 64 ቢት። በሱ የተቆጠረ ሰከንድ 292 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይበቃል፤ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2020 ለ32 ቢት ማሽኖቹ ሳይቀር መንገዱን ከፍቷል። የሚያሰጋው የተረሳው ነው፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሮጌ መቆጣጠሪያ፣ ቀኑን በ32 ቢት ያስቀመጠ የቆየ ዳታቤዝ። ደግሞ እስከ 2030 ዓ.ም. መጠበቅ አያስፈልግም፤ ዛሬ የሚፈረም የ20 ዓመት የቤት ብድር የመጨረሻ ክፍያው ከዚያ ቀን ማዶ ነው። የባንክ፣ የጡረታ ወይም የመድን ሥርዓት የምትጽፉ ሁሉ፣ በመሞከሪያው ማሽን ላይ ቀኑን ጥር 12 ቀን 2030 አድርጉና ምን እንደሚል እዩት።