የማን ልጅ ነህ? የነቀምቴ ደብዳቤዎችና የወለጋ የዘር ቆጠራ

በወለጋ ሽማግሌ ለጋብቻ ዘር ሲያጣራ ጥያቄው አጭር ነው፦ የማን ልጅ ነህ? አባትህ የማን ልጅ ነው? አያትህስ? እንዲህ እያለ ጎሳው እስኪገናኝ ወይም እስኪለያይ ድረስ ወደ ላይ ይወጣል። ከአንድ ጎሳ መጋባት ነውር ስለሆነ ቆጠራው መሳት የለበትም። ለዘመናት የአገሩ መዝገብ ቤት ይህ ነበር።

ነቀምቴ ግን የወረቀት መዝገብም አላት። በከሬ ጎዳና የሌቃ ነቀምቴን ግዛት አደራጀ፤ ልጁ ሞረዳ አሰፋው። በ1874 ዓ.ም. የሸዋው ራስ ጎበና በእምባቦ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያሸንፉ ምዕራቡ ወደ ሸዋ አዘነበለ። ሞረዳም ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ገብሮ ግዛቱን ይዞ ቆየ። የልጁ የኩምሳ ቤተ መንግሥት ዛሬም በከተማዋ ቆሟል። በዚያ ቤትና በአዲስ አበባ መካከል የተመላለሱትን የአማርኛ ደብዳቤዎች አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ታአ አሰባስበው አሳትመዋቸዋል፤ ከ1880ዎቹ እስከ 1920ዎቹ ዓ.ም. ይዘልቃሉ። የወለጋ ሰው ሁሉ ሊያነባቸው የሚገባ ይመስለኛል፤ ወርቁና የዝሆን ጥርሱ እንዴት እንደተገበረ እዚያ ይታያል።

ደብዳቤውንና የሽማግሌውን ቃል ማገናኘት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በስም ነው። በሽማግሌው አፍ ኩምሳ የሆነው ሰው ከጥምቀት በኋላ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ነው። ሑሩሙ አካባቢ ሂካ ተብሎ የተወለደው ልጅ በባርነት ተሸጦ፣ ነፃ ወጥቶ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ ሆነ። በ1899 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ የታተመውን መጽሐፍ ቅዱስ ያዘጋጀው ከአስቴር ጋኖ ጋር ነው፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ነቀምቴ ገብቶ አስተማረ። ሁለቱን ስም ያላጣመረ ተመራማሪ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ይቆጥራል።

ቆጠራውም ከመወለድ የሰፋ ነገር ይናገራል። ሕጋችን የተዋሰው «ጉዲፈቻ» የኦሮምኛ ቃል ነው። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ፣ በሞጋሳ የታቀፈ ወገን፣ በተቀባዩ አባት ስም ይቆጠራል። ይህን ስህተት ነው ብሎ የሚያርም ሰው ሥርዓቱን አልተረዳውም፤ ማን ማንን ልጄ እንዳለ ማወቅም ታሪክ ነው።

የሚያሳዝነኝ የቀሩት ናቸው። ደብዳቤው ገዢውን ያውቃል፤ ማሩን የቆረጠውን፣ ወርቁን ከወንዝ ያጠበውን ገባር በስም አይጠራውም። ቆጠራው በአባት በአባት ስለሚሄድ እናቶችን ይዘላል፤ ባሪያ ሆኖ የመጣውም በጌታው ስም ይዋጣል። ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። በአሜሪካ ገጠር አውራጃዎች የጋብቻና የመሬት መዝገብ በፍርድ ቤቱ ተቀምጦ ቤተሰቦች ዘራቸውን ይፈልጉበታል፤ ሆኖም በ1850 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ ነፃ ሰዎች ሁሉ በስም ሲመዘገቡ፣ ባሪያዎች በአብዛኛው በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ብቻ በባለቤታቸው ስም ሥር ተጻፉ። ዛሬ የእነሱ የልጅ ልጆች ፍለጋ እዚያች መስመር ላይ ይቆማል።

በእኛ አገር ልደትና ሞትን መመዝገብ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። ከዚያ በፊት የተወለደው የጊምቢ ወይም የነጆ አዛውንት ማስረጃው በአብዛኛው ራሱ ነው። ስልክ የያዘ ልጅ አያቱ ዘንድ ተቀምጦ ድምፃቸውን ይቅረጽ፤ የተናገሩበትን ቀንና ቦታ ይጻፍ፤ የክርስትናውንና የቤቱን ስም ጎን ለጎን ያስፍር። ሽማግሌው አባት በአባት ቆጥሮ ሲጨርስም አንድ ጥያቄ ይጨምርለት፦ የእያንዳንዱ እናት ማን ትባላለች?