ሞኒተርን ስለ ማቆም፤ የምን አለሽ ተራ ጥያቄ

ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ገበያ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። በዚያ የመኪና ጎማ ጫማ፣ በርሜል ምድጃ፣ ቆርቆሮ ኩባያ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንኑ ጥያቄ ስለ አሮጌው የኮምፒዩተር ሞኒተር መጠየቅ ነው፤ ይኸውም በጎኑ አቁመው ቢጫወቱበት ምን ይገኝበታል? የሚል ነው።

በመጀመሪያ ታሪኩን እንመልከት። በሳንቲም ከሚሠሩት የጥንት የጨዋታ መኪናዎች ብዙዎቹ ስክሪናቸው የቆመ ነበረ። በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ለታይቶ ኩባንያ የሠራው ስፔስ ኢንቬደርስ፣ በ1980 የወጣው የናምኮ ፓክ ማን፣ በ1981 የወጣው የኒንቴንዶ ዶንኪ ኮንግ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። አሠራሩ የቴሌቪዥኑን ቱቦ በጎኑ አዙሮ ሣጥን ውስጥ ማሰር ነው። በስፔስ ኢንቬደርስ ጠላት ከላይ ይወርዳል፤ በዶንኪ ኮንግ ተጫዋቹ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከስፋት ይልቅ ቁመት ያስፈልግ ነበር።

ጨዋታው ወደ ቤት ሲገባ ግን የሳሎኑ ቴሌቪዥን የተጋደመ ስለ ነበረ ሥዕሉ ተለወጠ። በ1982 ለአታሪ 2600 የወጣው ፓክ ማን በጎንና በጎን የነበሩት መተላለፊያዎቹ ከላይና ከታች ሆኑ። ከ1997 ወዲህ ማሜ የተባለው ፕሮግራም የእነዚያን መኪናዎች አሠራር በኮምፒዩተር ላይ ስላስመሰለ የጥንቱ ቅርጽ ተመለሰ። ሞኒተሩን ማቆም ግን የተጫዋቹ ፈንታ ሆነ። የጨዋታው ወዳጆች ይህን አቋቋም በጃፓንኛ ቃል «ታቴ» ይሉታል፤ ሽቅብ የቆመ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። የእነዚህ ጨዋታዎች ሥዕል ወርዱ 3 ቢሆን ቁመቱ 4 ነው። ሰፊው ሞኒተር 16 በ9 ስለሆነ ተጋድሞ ሳለ ሥዕሉ የሚይዘው የስክሪኑን 42 ከመቶ ብቻ ነው፤ ቢቆም 75 ከመቶ ይይዛል። በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው ባለ 1280 በ1024 ነጥብ ሞኒተር ግን 5 በ4 ነው፤ ተጋድሞ 60፣ ቆሞ 94 ከመቶ ገደማ ይሞላል። በሴንቲ ሜትር ሲለካ ደግሞ የተጋደመው ባለ 24 ኢንች ሰፊ ሞኒተር 30 ያህል ቁመት ያለው ሥዕል ሲሰጥ፣ የቆመው ባለ 17 ኢንች አሮጌ 34 ያህል ይሰጣል። እርግጥ ሰፊውም ቢቆም ወደ 40 ይደርሳል። ከዚህ የምንረዳው አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማዞር የበለጠ እንደሚጠቅም ነው።

ሥራው ከባድ አይደለም። እግሩ የማይዞር ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ከጀርባው 4 የብሎን ቀዳዳዎች አሉት፤ ርቀታቸውም 75 ወይም 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከቁራጭ ብረት እግር ሊበየድለት ይቻላል። ነገር ግን ጉድለቱን መሸሸግ አይገባም። በርካሾቹ ስስ ሞኒተሮች ላይ፣ ሲቆሙ፣ ቀለሙ ለግራና ለቀኝ ዓይን ይለያያል። ባለ ቱቦው የቀለም ሞኒተር ሲዞር በምድር መግነጢስ ምክንያት ቀለሙ ሊበላሽ ይችላል፤ የሙቀት መውጫውም እንዳይዘጋ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መስታወቱ እርሳስ ስላለበት መስበሩ ለሠራተኛው ጤና አደገኛ ነው። እንግዲያው ደኅና የሚሠራውን ለስብርባሪ ከመስጠት አቁሞ መጠቀም ይሻላል።

ጨዋታ ትንሽ ነገር ነው የሚል አይጠፋም። ሆኖም አንድ ዕቃ አርጅቷል ብለን የምንፈርደው ብዙ ጊዜ በአንድ አቀማመጥ ብቻ አይተነው ነው። ጓደኞቻችንም አሮጌ ሞኒተር ከመጣላቸው በፊት በጎኑ አቁመው «ምን አለሽ?» ብለው ቢጠይቁት መልካም ነው።