ጎኗ ያልታደሰ ቮልስ

የቮልስ ባለቤቶች መኪናቸውን አጥበው፣ ወልውለው፣ ተሰልፈው በአደባባይ ሲያልፉ ያየ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በምታብረቀርቀዋ ላይ ነው። ቀለሟ የትናንት፣ ፓራውልቷ መስታወት፣ ወንበሯ ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ከኋላ ደግሞ ሌላዋ ትከተላለች እንበል። ሞተሯ ወርዶ ተሠርቷል፣ ፍሬኗ አዲስ ነው፤ ፓራፋንጎዋ ላይ ግን የድሮ ስቱኮ አፍጥጦ ይታያል፣ በሯም ሦስት ዓይነት ቀለም ተደራርቦበታል። ተመልካች ይስቃል፤ «ገንዘብ አልቆበት ነው» ይላል። እኔ ቆሜ የማያት ይህችኛዋን ነው። ምክንያት አለኝ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እናንሳው። ቮልስዋገን በጀርመንኛ «የሕዝብ መኪና» ማለት ነው። ንድፏን የሠራው ፌርዲናንድ ፖርሽ ሲሆን፣ የሂትለር መንግሥት በ990 ማርክ ለሠራተኛው አዳርሳለሁ ብሎ በየሳምንቱ 5 ማርክ የሚያስቆጥብ የቴምብር ደብተር አደለ። ከ330 ሺህ በላይ ጀርመናዊ ቆጠበ። ጦርነቱ መጣና በቁጠባው መኪና የተረከበ አንድም ሰው ሳይኖር ቀረ። (ዕቁብ በልቶ መጥፋት የኛ ሰፈር ወግ ብቻ ይመስለን ነበር።) ከጦርነቱ በኋላ የፈራረሰውን ፋብሪካ ያስነሳው አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ቮልስ የፎርድን ሞዴል ቲ የምርት ክብረ ወሰን ሰበረች፤ በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ ስትወጣ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት መልኳ ያልተለወጠች የሚመስላት መኪና ዕድሜዋ እንዴት ይታወቃል? አዋቂዎቹ በስብሰባ ላይ በቀጥታ ወደ ኋላዋ ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1953 የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 እንቁላል መሰለ፤ ቀጥሎ ሰፋ። እስከ 1960 ድረስ ለአውሮፓ የተሠሩት ፍሬቻቸው መብራት ብቻ አልነበረም፤ ከበሩ ጀርባ ካለው ምሰሶ ብድግ የሚል ትንሽ ክንድ ነበር። ፍሬቻ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነውና ስሙ ለዚያች ክንድ ልክክ ይላል። እንግዲህ አንድ ቀናተኛ አዳሽ «ላሳምራት» ብሎ ክንዷን ነቅሎ ቀዳዳውን በላሜራ ቢደፍነው፣ ያጠፋው ጌጥ ሳይሆን የልደት ምስክር ወረቀቷን ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ቮልስ እዚህ የኖረችው ስላማረች አይደለም። ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ የዓባይን በረሃ ስትወጣ ውኃ ፈላብኝ ብላ አትቆምም። ሞተሯን ከማርሹ ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ከመንገድ ዳር አውርዶ መልሶ መስቀል ይቻላል። የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ያደረጋት ይኼ ነው። ታሪክም አልዘለላትም። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲወሰዱ የተሳፈሩት በቮልስ ነበር፤ ጎረቤታችን ያለው መምህር በሚነዳት ዓይነት መኪና!

ከዚያ በኋላ ባሉት አስርት ዓመታት አዲስ መኪና መግዛት ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ሆነ። መለዋወጫም ቸገረ። ቮልሶቹን ያቆዩዋቸው ባትላሜራዎችና መካኒኮች ናቸው። ባትላሜራ የሌለውን ፓራፋንጎ ከጠፍጣፋ ላሜራ ቀጥቅጦ ያወጣል፤ መካኒክ ከሶማሌ ተራ የተገዛ የሌላ መኪና ዕቃ ሞርዶ ያገጥማል። በዚያች ጎኗ ባልታደሰች ቮልስ ላይ የምናየው ጠባሳ እንግዲህ የነሱ እጅ ጽሑፍ ነው። ሌላ የጻፉት ነገር የለም። አሸዋ ወረቀት ይዞ የመጣ አዳሽ በአንድ ከሰዓት ሊያጠፋው ይችላል።

ይህ የኔ የብቻ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የቱሪን ቻርተርን ሲያጸድቅ፣ ከማደስ ይልቅ ባለበት መጠበቅ እንዲቀድም፣ መኪናው በዕድሜው ያገኛቸው የታሪክ አሻራዎችም እንዲከበሩ መክሯል። ከዚሁ ፌዴሬሽን ጋር የማልስማማበት ግን አለኝ። ታሪካዊ ተሽከርካሪ ለመባል 30 ዓመት መሙላቱ አይበቃም፤ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል መሆን አለበት ይላል። በዚህ ሚዛን ከኛዎቹ ስንቱ ፈተናውን ይወድቃል! ሰኞ ጠዋት ሥራ ይገባሉ እኮ። ለኔ ግን ሥራ መግባታቸው ራሱ ታሪካቸው ነው፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ዝገት ቅርስ ነው እያልኩ አይደለም። የተበላ ወለል ይቆረጥ፣ ፍሬን ይታደስ፤ ሰው የሚሳፈርባት ናት። የቆመ ዝገት ደግሞ አይተኛም፤ ባለበት ልጠብቅ ብሎ ዝናብ ላይ የሚያቆማትም ያው ገዳይ ነው። ልዩነቱ ያለው በማስፈለጉና በማስዋቡ መካከል ነው።

በስብሰባ ላይ ግማሽ የታደሰች መኪና የሚያቀርብ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ይሰማል፤ «ገና ነች፣ አልጨረስኳትም» እያለ። ለምን? ከዚያ ይልቅ ኮፈኑን ከፍቶ አንዲት ወረቀት ቢያስቀምጥ ይሻላል፦ የትኛው አካል ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ የትኛው መቼና የት ተቀየረ፣ ከመነካቷ በፊት ምን ትመስል እንደነበር ከነፎቶግራፉ። የወለቀውም ዕቃ ባይሠራም አይጣል። የባትላሜራው ስም የሚታወቅ ከሆነ እሱ ከላይ ይጻፍ። የማይታወቅ ከሆነ መኪናዋን ቀድሞ የያዙትን ሽማግሌ ቤታቸው ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ጋራዡ ቢፈርስም የቀጥቃጩን ስም ያልረሱ አሉ።