ጁባ፦ ፕላኑ ሌላ፣ ከተማዋ ሌላ

ባለፈው ጊዜ በማታው የታሪክ ክፍል ስለ ከተሞች አመሠራረት ስንወያይ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ከተማን የሚሠራው ማን ነው? ፕላን የሚያወጣው መንግሥት ነው ወይስ ጎጆ የሚቀልሰው ሰው?» ብላ ጠየቀች። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ያለ መንግሥት ከተማ የለም» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «መንግሥት የሚመጣው ሰው ከሰፈረ በኋላ ነው» አለ። ደወሉ ተደውሎም ክርክሩ አላለቀም።

እኛም ጥያቄውን በቅርባችን ባለች ከተማ እንየው ብለን ጁባን መረጥን። ከመካከላችን ጁባ ሠርቶ የኖረ አለ፤ ዘመድ ያለው አለ፤ ነገ እሄዳለሁ ብሎ የሚያስብም አይጠፋም። ስለዚህ የከተማዋን ታሪክ ማወቅ ለፈተና ብቻ የሚጠቅም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጁባ በፊት

ጁባ እንደ ከተማ መቶ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላትም። አካባቢው ግን የባሪ ሕዝብ አገር ነው። በ1841 የግብፁ ገዢ መሐመድ አሊ የላካቸው መርከቦች ነጭ ዓባይን ሽቅብ ወጥተው ጎንዶኮሮ ደረሱ። ጎንዶኮሮ ከዛሬዋ ጁባ አጠገብ፣ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለ ስፍራ ነው። ከመርከቦቹ ኋላ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች፣ የባሪያ ፈንጋዮችና ሚሲዮናውያን ተከታተሉ። በ1863 የዓባይን ምንጭ ሲፈልጉ የነበሩት ስፒክና ግራንት ከሳሙኤል ቤከር ጋር የተገናኙት እዚሁ ጎንዶኮሮ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የገዢዎቹ ጣቢያ ከቦታ ቦታ ሲዛወር ኖረ። አንዴ ላዶ፣ አንዴ ረጃፍ፣ አንዴ ሞንጋላ ሆነ። ሁሉም ወንዙን ይዘው የተሠሩ ናቸው፤ ምክንያቱም ዕቃውም ወታደሩም የሚመጣው በመርከብ ነበር። ከጁባ በስተደቡብ ረጃፍ አካባቢ ሲደረስ ወንዙ ድንጋያማ ይሆናል፣ ፏፏቴ ይበዛዋል። ስለዚህ ከሰሜን የሚመጣው መርከብ የሚያቆመው እዚህ ነው።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጁባ የምትባለው የባሪ መንደር ዘንድ የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ከፈቱ። ልብ በሉ፣ ከከተማው ትምህርት ቤቱ ቀደመ!

የመጀመሪያው ፕላን

በ1927 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች የሞንጋላን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ወደ ጁባ ለማዛወር ወሰኑ። ቦታው ለመርከብ ማረፊያ ይመቻል፤ ወደ ኮንጎና ወደ ዩጋንዳ ለሚወስደው የመኪና መንገድም ቅርብ ነው። ችግሩ ቦታው ባዶ አልነበረም። በመንደሩ የነበሩት የባሪ ቤተሰቦች እንዲነሱ ተደረገ። ትምህርት ቤቱም በኋላ ወደ ሎካ ተዛወረ። ነጋዴዎቹ ከረጃፍ መጡ፤ በ1930 ገደማ የገዢው ጽሕፈት ቤት ከሞንጋላ ወደ ጁባ ገባ። ከነጋዴዎቹ መካከል ግሪኮች ይገኙበት ነበር፤ የሠሯቸው የድንጋይና የጡብ ሱቆች ለረጅም ዘመን የከተማዋ መልክ ሆነዋል።

ይህ ፕላን ሰውን በየዓይነቱ የሚያስቀምጥ ነበር። የሹማምንቱ ግቢ ለብቻው፣ የነጋዴው ሰፈር ለብቻው፣ የአገሬው ሰው ሰፈር ለብቻው። እስከ ዛሬ የሰፈሮቹ ስም ይህንኑ ይናገራል። ሃይ ማለት በዓረብኛ ሰፈር ነው፤ ሃይ ጀላባ የሰሜን ሱዳን ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። ማላኪያ የሚለው ስም ደግሞ ወታደር ያልሆነ ሰው የሚኖርበት ማለት ነው። መሬቱም በደረጃ ተከፋፈለ። አንደኛ ደረጃ ቦታ ሰፊ ነው፣ የሊዙ ዘመን ረጅም ነው፣ ቤቱም በጡብ ወይም በድንጋይ መሠራት አለበት። ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር ቦታው ይጠባል፣ ዘመኑም ያጥራል። ጭቃና ሣር ከሆነ ቤትህ፣ መብትህም እንደ ቤትህ የሳሳ ነው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 አዲስ አበባን በያዘበት ጊዜ ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ ፕላን አውጥቶ ነበር። አራዳ ለነጮች ይሁን፣ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ይሂድ ተባለ። ያ በግድ የተዛወረው ገበያ ነው ዛሬ መርካቶ የምንለው። አገሬውን ለማራቅ የተሰጠው ቦታ የአገሪቱ ትልቁ ገበያ ሆነ። ፕላን አውጪው ይህንን አላሰበም ነበር።

ጦርነትና ከተማ

በ1955 በቶሪት ወታደሮች አመፁ፤ የደቡብ ሱዳን የመጀመሪያው ጦርነት መነሻም ይኸው ነው። ጦርነቱ ያበቃው የካቲት 27 ቀን 1972 አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ስምምነት ሲሆን፣ አደራዳሪ ከነበሩት መካከል አፄ ኃይለ ሥላሴ ይገኙበታል። በስምምነቱ ጁባ የደቡብ ክልል ራስ ገዝ አስተዳደር ዋና ከተማ ሆነች። ዩኒቨርሲቲዋም የተመሠረተው በ1970ዎቹ ነው። ትንሽ እፎይታ የታየበት ዘመን ነበር።

በ1983 ጦርነቱ እንደገና ተነሳ። የካርቱም ጦር ጁባን ያዘ፣ ዙሪያውን ደግሞ አማፂው ያዘ። ከተማዋ ለሃያ ዓመት ያህል እንደ ታጠረ ግቢ ሆነች፤ ሰውም ምግብም በአብዛኛው የሚገባው በአውሮፕላን ነበር። የገጠሩ ሕዝብ ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ፣ ሌላው ደግሞ ድንበር ተሻገረ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ጋምቤላ ኢታንግን በመሰሉ ካምፖች ኖረዋል፤ በ1991 ደርግ ሲወድቅ ተመልሰው ለመሸሽ ተገደዱ። ዛሬ በተራው ከጋምቤላ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ከጁባ ወጣ ብሎ በሚገኘው ጎሮም ካምፕ ይኖራሉ። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ከካርቱም የሸሹም ተጨምረውበታል። ስደት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ የትናንቱ አስተናጋጅ የዛሬው እንግዳ ይሆናል።

ፕላን ያልጠበቀው ሕዝብ

በጥር 2005 የሰላም ስምምነት ተፈረመና ጁባ የደቡብ ሱዳን መንግሥት መቀመጫ ሆነች። ከዚያ በኋላ የሆነው የሚገርም ነው። በ1983 ቆጠራ ከተማዋ ወደ 84 ሺህ ሰው ነበራት። በ2008 ቆጠራ ከተማዋና ዙሪያዋን በሚይዘው የጁባ ካውንቲ 368 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ። የደቡቡ መንግሥት ግን ቆጠራው የደቡቡን ሕዝብ ቁጥር አሳንሷል ብሎ አልተቀበለውም።

ይህ ሁሉ ሰው የት ገባ? ፕላን እስኪወጣ አልጠበቀም። ከካርቱም፣ ከዩጋንዳ፣ ከኬንያና ከኢትዮጵያ የተመለሰው ተፈናቃይ ጉዴሌን፣ ጉሬይን፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ጉምቦን ሞላው። በአገራችን ጨረቃ ቤት እንደምንለው፣ ማታ ተጀምሮ ጠዋት የሚያልቅ ቤት በየቦታው በቀለ። የቧንቧ ውኃ ለጥቂቱ ብቻ ስለሚደርስ ከተማው በቦቴ ውኃ ኖረ። ከቦቴ ሾፌሮቹ ብዙዎቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱትም ብዙ ናቸው። በጁባ እንጀራ ማግኘት የማያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

በ2009 ግን ያለ ፈቃድ የተሠሩ ናቸው የተባሉ በርካታ ቤቶች ፈረሱ። መንገድ ለማውጣት፣ ከተማውን ለማስተካከል ነው ተባለ። መንገድ ማስፈለጉ እውነት ነው። ነገር ግን ቤቱ የፈረሰበት ሰው የት ይሂድ የሚለው በቂ መልስ አላገኘም። ብዙው ከከተማው ዳር ሄዶ እንደገና ጎጆ ቀለሰ። በዚያው ዓመት የወጣው የመሬት ሕግ ደግሞ የማኅበረሰብን የመሬት ባለቤትነት አወቀ። የባሪ ማኅበረሰብም «ከተማዋ የምትሰፋው በእኛ መሬት ላይ ነው፣ ሳንጠየቅ አይሆንም» አለ። የ1927ቱ ነገር እንዳልተረሳ ከዚህ ይታያል።

አውራሪሱና ራምሲየል

በ2010 አንድ አስገራሚ ፕላን ይፋ ሆነ። ጁባ በአውራሪስ ቅርጽ፣ ዋው የተባለችው ከተማ ደግሞ በቀጭኔ ቅርጽ እንድትሠራ ታሰበ። የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት በአውራሪሱ ዓይን ላይ ይሆናል። ወጪው 10 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ከአውሮፕላን ላይ ለሚያየው ያምር ነበር። መሬት ላይ ለሚኖረው ግን አውራሪስ አይታየውም፤ የሚታየው ውኃ፣ መንገድና ሽንት ቤት ነው። ፕላኑ ከወረቀት አልወረደም።

ሐምሌ 9 ቀን 2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ወጣች። ሁለት ወር ሳይሞላ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዋና ከተማውን ወደ ራምሲየል ለማዛወር ወሰነ። ራምሲየል ከጁባ ወደ ሰሜን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአገሪቱ መሐል የሚገኝ ስፍራ ነው። ምክንያቱ በጁባ ለመንግሥት የሚበቃ መሬት አልተገኘም የሚል ነበር። በ2017 የሞሮኮው ንጉሥ ጁባን ሲጎበኙ አገራቸው የጥናቱን ወጪ ለመሸፈን ተስማማች። ሆኖም መንግሥቱ ዛሬም የሚሠራው ከጁባ ነው።

ይህም የእኛን ታሪክ ያስታውሰናል። ምኒልክ በ1900 ገደማ የማገዶ እንጨት እጥረት ሲጠና መናገሻቸውን ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ ግንባታም አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው፤ የተተከለው ችግኝ ደርሶ ማገዶም ማገርም ሆነ። ቤትና ንብረት ያፈራውም ሰው እንዲህ በቀላሉ የሚነሳ አልነበረም።

ለመሆኑ የተሳካለት የለም? አለ። ብራዚል በ1960 ብራዚሊያን መረቀች፤ ናይጄሪያም በ1991 መንግሥቷን ወደ አቡጃ አዛወረች። ነገር ግን ብራዚሊያን የገነቡት ሠራተኞች በፕላኑ ውስጥ የሚኖሩበት ቦታ በቅጡ ስላልተያዘላቸው፣ ዙሪያውን በሳተላይት ከተሞች ሰፈሩ። የተሳካው ፕላንም ሠራተኛውን ረስቶት ነበር።

መልሱ ምንድን ነው?

በታኅሣሥ 2013 ጁባ ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ግቢዎች ገባ። በሸራ የተሠራ ሌላ ከተማ በከተማዋ ውስጥ ተፈጠረ። በሐምሌ 2016 እንደገና ተኩስ ሆነ። ሰው ሲፈራ ፕላን አያይም፣ ሰላም ያለበትን ያያል። ሰላም ሲሆን ደግሞ ሥራው ይከተላል፦ በ2012 የጁባ ኒሙሌ 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት ተመረቀ፤ በ2022 በጃፓን እርዳታ የተሠራው የነፃነት ድልድይ ተከፈተ። እነዚህ እንደ አውራሪሱ ወሬ ያልበዛላቸው፣ ግን ሰው በየቀኑ የሚጠቀምባቸው ሥራዎች ናቸው።

ስለዚህ ለተማሪያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ከተማን ሰው ይሠራዋል፤ ነገር ግን ሰው ብቻውን ቧንቧ አይዘረጋም፣ ድልድይ አይሠራም። ፕላን ያስፈልጋል። ጥያቄው «ፕላን ይኑር ወይስ አይኑር» ሳይሆን «ፕላኑ ሲወጣ እዚያ የሚኖረው ሰው ተጠይቋል ወይ» የሚለው ነው። በ1927 አልተጠየቀም፤ በ2009ም ጎጆው የፈረሰበት አልተጠየቀም። ያልተጠየቀ ሰው ደግሞ ፕላኑ ያላሰበው ቦታ ላይ እንደገና ይሠራል።

እኛም ብንሆን በዞንና በብሎክ በተሸነሸነ ካምፕ ውስጥ ነን። የመስመሩን ቀጥታ ያወጡት ሌሎች ናቸው። ሻይ ቤቱን፣ የፀጉር ማስተካከያውን፣ ይህንን የማታ ክፍል ግን ማንም በካርታ ላይ አልሳለውም፤ እኛው ነን የጨመርነው።

ለውይይት፦

1. በተወለዳችሁበት ከተማ ወይም መንደር በፕላን ምክንያት የተነሳ ሰፈር ታውቃላችሁ? ነዋሪዎቹ ወዴት ሄዱ?
2. የካምፓችንን ካርታ በወረቀት ላይ ሳሉ። ከመጀመሪያው የነበረውንና ነዋሪው በኋላ የጨመረውን በሁለት ቀለም ለዩ።
3. እናንተ ብትጠየቁ በካርታው ላይ መጀመሪያ የምታስቀምጡት ምንድን ነው? ለምን?

መልሳችሁን ለክፍል አለቃችሁ ስጡ፤ የተመረጡትን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።