ከፋፋ እስከ ዘላቂ ምግብ፤ የሥነ ምግብ ሊቃውንት አስተሳሰብ ታሪክ

ይህ አጭር ጽሑፍ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች «በቂ ምግብ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ነበረና አሳባቸው እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ ለመመርመር የታሰበ ነው። ዘመኑ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1962 በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የዓለም ሊቃውንት የሕፃናትን መክሳት ይልቁንም በፕሮቲን ማነስ ያመካኙ ነበር። ከዚህም የተነሣ ክፍሉ ስንዴን፥ ሽምብራን፥ የአኩሪ አተርንና የወተት ዱቄትን አደባልቆ የሕፃናት ምግብ አዘጋጀ። ስሙም ፋፋ ተባለ፤ ይኸውም ወፈረ፥ ሰውነቱ ዳበረ ማለት ስለ ኾነ ለእናቶች ትርጓሜ አላስፈለገውም።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስንዴና ሽምብራ የሸዋ ገበሬ ከጥንት የሚያውቃቸው ናቸው፤ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ግን ከአባቶቹ ማሳና ጓዳ የወጡ አይደሉም። ገበሬው የጤፍ እንጀራን በሽሮ ሲበላ እህልን ከጥራጥሬ ማጋጠም ከማንም አልተማረም። ባቄላና ሽምብራን ከእህል ጋር እያፈራረቀ የሚዘራውም መሬቱ እንዳይደክም ነው። ሊቁ የፕሮቲኑን መጠን ሲመዝን የገበሬው አሳብ በሚመጣው ዓመት መሬት ላይ ነበር።

በ1973 የወሎ ረኀብ ደረሰ። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እጅግ ሳይጐድል፥ የወሎ ሰው ሰብሉና ከብቱ ስለ ጠፋበት መግዣ አጣ። በ1974 ደግሞ ዶክተር ዶናልድ ማክላረን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የፕሮቲኑን አስተሳሰብ አጥብቀው ነቀፉ።

በ1986 ጆአን ጋሶው እና ኬት ክላንሲ የተባሉ አሜሪካውያት ባለሙያዎች ስለ አመጋገብ የሚሰጥ ምክር የምድርን ሀብት ጭምር እንዲያስብ ጠየቁ። በ2010 በሮም በተደረገው ስብሰባ ዘላቂ አመጋገብ ማለት ለጤና የሚበቃ፥ ተፈጥሮን የማይጐዳ፥ በዋጋው የሚቻል፥ ከሕዝቡ ልማድ ጋር የሚስማማ፥ ለመጪውም ትውልድ የሚተርፍ ነው ተባለ።

ይህን በማለት ፋፋን መንቀፍ አይገባም፤ ጡት የሚተው ሕፃን የተመጠነ ምግብ ያስፈልገዋልና። ገበሬውንም ቢኾን ዕውቀቱ ብቻውን ከረኀብ አላዳነውም። ይሁን እንጂ ልማድ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ከኾነ፥ የገበሬውን የአዘራርና የአመጋገብ ሥርዓት ከአዛውንቶች አፍ ጠይቆ መጻፍ የተማሪው ተግባር ነው። አዛውንቶቹ ካለፉ በኋላ የሚጠየቅ አይገኝም።