ኤፒዲዮሌክስ
ኤፒዲዮሌክስ ከካናቢስ ተክል ተጣርቶ የሚወጣውን ካናቢዲዮል በሰሊጥ ዘይት ውስጥ የያዘ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 እ.ኤ.አ. ሌኖክስ-ጋስቶ እና ድራቬ ለተባሉት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደው። አያሰክርም፤ እንቅልፍ ግን ያመጣል፣ በተለይ ክሎባዛም ከተባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ።

በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ስላለ በሻይ ማንኪያ ገምቶ መስጠት አደገኛ ነው፤ አብሮት በሚመጣው ሲሪንጅ ይለካል። የተለመደው መነሻ መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 2.5 ሚሊ ግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ከሳምንት በኋላ ሐኪሙ ወደ 5 ሊያሳድገው ይችላል።

ዋናው ስጋት ጉበት ነው። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በ1ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር የደም ምርመራ ይደረጋል፤ ቫልፕሮኤት የተባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ሕሙማን የበለጠ ክትትል ያሻቸዋል። ቅባት የበዛበት ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን በብዙ እጥፍ ያሳድጋል። ስለዚህ ከምግብ ጋርም ሆነ በባዶ ሆድ፣ አወሳሰዱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ትንሽ የሚመስለው ይህ ጉዳይ ውጤቱን ሊያዛባ ይችላል። ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አይወስደውም። በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። የተከፈተ ጠርሙስ ከ12 ሳምንት በኋላ ይወገዳል።