የፕሮክሲ አርፕ ታሪክና በሊኑክስ ላይ መልሱ የሚቆራረጥበት ምክንያት

በሊኑክስ የሚሠራ ራውተር በሌሎች ኮምፒዩተሮች ፈንታ የአርፕ ጥያቄ ሲቀርብለት አንዳንድ ጊዜ ይመልሳል፤ አንዳንድ ጊዜ ዝም ይላል። ብዙዎች ይህን የመሣሪያ ብልሽት አድርገው ይቆጥሩታል። ምክንያቱ ግን ከአሠራሩ ታሪክ ይገኛል።

ዴቪድ ፕላመር በ1982 እ.ኤ.አ. አርኤፍሲ 826 በተባለው ሰነድ አርፕን ሲያቀርብ ደንቡ ቀላል ነበር፤ የአንድ አይፒ አድራሻ ባለቤት የኢተርኔት ቁጥሩን ሲጠየቅ ራሱ ይመልሳል። በ1984 ጆን ፖስቴል በአርኤፍሲ 925 መሥመሮችን የሚያገናኝ መሣሪያ በሌላው ፈንታ እንዲመልስ ሐሳብ አቀረበ። በ1985 አንድን ኔትወርክ ወደ ንኡሳን ክፍሎች የመክፈል ደንብ ወጣ፤ ይሁን እንጂ ክፍፍሉን የማያውቁ ኮምፒዩተሮች ብዙ ነበሩ። ስለዚህ ካርል ሚቸልና ኳርተርማን በ1987 በአርኤፍሲ 1027 ፕሮክሲ አርፕን አብራሩ፤ ራውተሩ እንደ ወኪል ሲመልስ ኮምፒዩተሮቹን መለወጥ አላስፈለገም።

በሊኑክስም ቀድሞ ለአንድ ንኡስ ኔትወርክ በሙሉ አንድ መዝገብ ማስገባት ይቻል ነበር። በ1999 ከወጣው ከርነል 2.2 ጀምሮ ይህ ቀረ፤ ከርነሉ በተጠየቀ ጊዜ የመንገድ ሠንጠረዡን አይቶ ይወስናል። ከዚህ የተነሣ መልሱ የዚያች ሰዓት ሁኔታ ውጤት ሆነ።

ራውተሩ የሚመልሰው ፓኬት ማስተላለፍ ከተፈቀደለትና ወደ ተጠየቀው አድራሻ የሚወስደው መንገድ ጥያቄው ከመጣበት በተለየ ኢንተርፌስ የሚወጣ ከሆነ ነው። መንገዱ ሲወድቅ መልሱ ይቀራል፤ ሲመለስ ይመለሳል። ለነጠላ አድራሻ በእጅ የገባ መዝገብም ኢንተርፌሱ ሲዘጋ ይሰረዛል። ከዚህም በላይ ከርነሉ መልሱን እስከ 0.8 ሴኮንድ በዕጣ ያዘገያል፤ የሚጠባበቁት ጥያቄዎች ከ64 ገደማ ሲያልፉ ትርፉን ይጥላል። እነዚህ ቁጥሮች መነሻ ልኮች ናቸው፤ ሊለወጡ ይችላሉ። ጠያቂውም የቀድሞውን መልስ ለጊዜው ይዞ ስለሚቆይ ጉድለቱ ዘግይቶ ይታያል።

እንግዲህ መርማሪው ራውተሩን አጥፍቶ ለማስነሣት አይቸኩል፤ ማስረጃው አብሮ ይጠፋልና። ዝምታው ባለበት ሰዓት በቲሲፒደምፕ ጥያቄው መድረሱን፣ «አይፒ ራውት ጌት» በተባለው ትእዛዝ ደግሞ መንገዱ በየት እንደሚወጣ ይመልከት። ወኪሉ ዝም ያለው በአብዛኛው የሚወክለው ወዴት እንዳለ ስላጣው ነው።